ከቢልሃርዝያ መርፌ እስከ ጉበት ካንሰር፦ ግብፅ የከፈለችው ዋጋና ያገኘችው ትምህርት

እስቲ በአንድ እንቆቅልሽ እንጀምር። አንድ መንግሥት ገበሬዎቹን ከበሽታ ለማዳን ብሎ በነጻ ያክማቸዋል። መድኃኒቱም ይሠራል፤ የታመመው ይሻለዋል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ከእነዚያው ከዳኑት ሰዎች ብዙዎቹ ጉበታቸው ጠባሳ ለብሶ፣ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ፣ አንዳንዶቹም የጉበት ካንሰር ይዟቸው ወደ ሆስፒታል መምጣት ይጀምራሉ። መሃል ላይ ምን ተፈጠረ?

ይሄ በግብፅ በእውን የሆነ ነገር ነው። ስለ ሄፓታይተስ ሲና ስለ ጉበት ካንሰር ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ሐኪም አይደለሁም፤ በምህንድስና የድህረ ምረቃ ጥናት ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። በእኛ ሙያ አንድ ሥርዓት ሲበላሽ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ጥፋተኛው ማነው?» ብለን አይደለም። «ስህተቱ በየት በኩል ገባ? ለምንስ ይህን ያህል ጊዜ ሳይታይ ቆየ?» እንላለን። እስቲ በዚሁ መንገድ እንሂድ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የናይል የድሮ በሽታ

ታሪኩ የሚጀምረው ከውሃ ነው። ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትንሽ ትል ነው። የታመመ ሰው ወንዝ ወይም ቦይ ዳር ሲጸዳዳ ወይም ሽንቱን ሲሸና የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ውሃ ውስጥ ወደሚኖር ቀንድ አውጣ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃው ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ለመስኖ ቦይ ውስጥ የሚገባ ገበሬ፣ ልብስ የምታጥብ ሴት፣ የሚዋኝ ልጅ ሁሉ ተጋላጭ ናቸው።

በሽታው በግብፅ ጥንታዊ ነው። በ1910 ማርክ አርማንድ ሩፈር የተባለ ሐኪም ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው የግብፅ ሙሚዎች ኩላሊት ውስጥ ደርቆ የጠነከረ የትሉን እንቁላል አግኝቷል። ትሉን ራሱን ያገኘው ጀርመናዊው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ሲሆን፣ በ1851 ካይሮ ውስጥ ሲሠራ ነበር። የበሽታው ስም የመጣው ከእሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚይዙ የመስኖ ቦዮች ሲስፋፉ ደግሞ ለቀንድ አውጣው ተስማሚ መኖሪያ ሆኑለት፣ በሽታውም ከመስኖው ጋር አብሮ ሰፋ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። ቢልሃርዝያ እኛም ጋ አለ። በ1964 አክሊሉ ለማ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አድዋ ላይ ይህንኑ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እናቶቻችን እንደ ሳሙና የሚጠቀሙበት ፍሬ ቀንድ አውጣውን እየገደለ ነበር። ለዚህ ሥራ እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የእንዶድ መንገድ በሽታውን ከውሃው ላይ ለመቁረጥ የሚሞክር ነው። ግብፅ ደግሞ በዋናነት የሄደችው በሌላ መንገድ ነበር፦ በሰውየው ደም ውስጥ ያለውን ትል በመርፌ መግደል።

አንድ መርፌ፣ ብዙ ክንድ

መርፌው የተጀመረው ከግብፅ ደቡብ ነው። በ1918 ጄ. ቢ. ክሪስቶፈርሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ካርቱም ውስጥ ሲሠራ፣ አንቲሞኒ ከተባለው ንጥረ ነገር የተሠራ ጨው በደም ሥር ሲሰጥ የቢልሃርዝያን ትል እንደሚገድል አስታወቀ። በወቅቱ ትልቅ ግኝት ነበር። ሺህ ዓመታት ያስቆጠረ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁነኛ መድኃኒት አገኘ።

መድኃኒቱ ግን ቀላል አልነበረም። ያስመልሳል፣ ልብንም ሊጎዳ ይችላል። ከሁሉ በላይ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም፤ አንድ ሰው ለሳምንታት እየተመላለሰ ደርዘን ያህል መርፌ መወጋት ነበረበት። ግብፅ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ተጠቀመችበት። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ደግሞ በገጠሩ ሕዝብ ላይ ያተኮሩ ሰፋፊ ዘመቻዎች ተካሄዱ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ታከሙ።

አሁን ያንን የሕክምና ጣቢያ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። በር ላይ ረጅም ሰልፍ አለ፤ ልጆችም ይበዙበታል። ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ተጠቅሞ የሚጣል የፕላስቲክ ሲሪንጅ እንደ ዛሬ በየቦታው አይገኝም። ያለው የብርጭቆ ሲሪንጅ ነው፤ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ እንደገና ያገለግላል። ሰልፉ ሲረዝም መቀቀያው ጊዜ ያጥራል።

ሌላም ነገር አለ። መርፌው የሚሰጠው በደም ሥር ነው። የሚወጋው ባለሙያ መርፌው በትክክል ደም ሥር ውስጥ መግባቱን ለማወቅ ሲሪንጁን ትንሽ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ደም ከገባ ትክክል ነው ማለት ነው። የጥራት ማረጋገጫው ራሱ ከእያንዳንዱ ታካሚ ጥቂት ደም ወደ ሲሪንጁ ያስገባል ማለት ነው። ሲሪንጁ በደንብ ካልተቀቀለ ያ ደም ወደ ቀጣዩ ሰው ይሄዳል። በአንድ ሰው ላይ ደርዘን ጊዜ፣ በሚሊዮን ሰው ላይ ስታባዙት ምን ያህል ዕድል እንደሚፈጥር አስቡት።

ሠራተኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ደም በሽታ ሊያስተላልፍ እንደሚችል በጥቅሉ ቢታወቅም፣ በእጃቸው ላይ ስለነበረው ቫይረስ ግን በዚያ ጊዜ በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ስሙ «አይደለም» የሆነ ቫይረስ

በአገራችን ዓይኑ ቢጫ የሆነን ሰው «የወፍ በሽታ ይዞት ነው» እንላለን። ሳይንስም ለረጅም ጊዜ ከዚህ ብዙ አልራቀም ነበር፤ የጉበት ብግነት ዓይነቶችን መለየት ተቸግሮ ቆይቷል። በ1960ዎቹ ባሩክ ብሉምበርግ ወደ ሄፓታይተስ ቢ የመራውን ግኝት አገኘ። በ1973 የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ ታየ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሃርቬይ አልተርና ባልደረቦቹ ደም ከተሰጣቸው በኋላ ጉበታቸው የታመመባቸውን ሰዎች ናሙና ሲመረምሩ አንድ ግራ የሚያጋባ ውጤት አገኙ፦ ብዙዎቹ ኤም ቢም የለባቸውም።

ለዚህ ያልታወቀ በሽታ በ1975 ገደማ የተሰጠው ስም «ኤ ያልሆነ፣ ቢ ያልሆነ ሄፓታይተስ» የሚል ነበር። ስሙ የሚነግረን በሽታው ምን እንዳልሆነ ብቻ ነው። በ1978 የታማሚ ደም ወደ ቺምፓንዚ ሲሰጥ በሽታው እንደሚተላለፍ ታወቀ፤ ስለዚህ ተላላፊ ነገር ነው። ግን ቫይረሱ በማይክሮስኮፕ እሺ ብሎ አልታይም አለ፤ በላብራቶሪም አላድግ አለ።

መፍትሔው የመጣው ኪሮን በተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሲሠሩ ከነበሩት ከማይክል ሆውተን፣ ከኩዊ-ሊም ቹና ከጆርጅ ኩኦ፣ እንዲሁም ለምርምሩ የሚሆነውን የቺምፓንዚ ደም ካዘጋጀው ከዳንኤል ብራድሊ ነው። ሐሳባቸው ለእኔ ለመሐንዲሱ በጣም ደስ የሚል ነው። ቫይረሱን ማየት ካልተቻለ፣ ያየውን ምስክር እንጠይቅ አሉ። ምስክሩ የታማሚው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከታመመ ቺምፓንዚ ደም የተገኘውን የዘረመል ቁርጥራጭ ሁሉ ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው ፕሮቲን እንዲያመርት አደረጉ፤ ከዚያ የታማሚውን ፀረ እንግዳ አካል አፈሰሱበት። ከሚሊዮን ገደማ ናሙና ውስጥ ምላሽ የሰጠው አንድ ነበር። ያ አንድ ቁርጥራጭ የአዲሱ ቫይረስ አካል ሆኖ ተገኘ። በ1989 ውጤቱ ታተመ፣ ቫይረሱም ሄፓታይተስ ሲ ተባለ።

ወዲያው የደም ምርመራ ተሠራ፤ ከ1990 ጀምሮ የደም ባንኮች ደምን መፈተሽ ቻሉ። በ1997 ደግሞ ቻርለስ ራይስ የቫይረሱ ዘረመል ብቻውን በሽታውን ሊያስከትል እንደሚችል አረጋገጠ። አልተር፣ ሆውተንና ራይስ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ጉበት ውስጥ የሚሆነው

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ቫይረስ እንዴት ካንሰር ያመጣል? ሄፓታይተስ ቢ የራሱን ዘረመል በጉበት ሕዋስ ዲኤንኤ ውስጥ ሊሰካ ይችላል። ሄፓታይተስ ሲ ግን እንዲህ አያደርግም። እሱ ወደ 9,600 ፊደል ገደማ ያለው አርኤንኤ ነው፤ ዲኤንኤያችን ውስጥ አይገባም። ታዲያ እንዴት?

ዋናው መንገድ ድካም ነው ማለት ይቻላል። ሰውነታችን ቫይረሱን ለማጥፋት የተያዙትን ሕዋሳት ያጠቃል። ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ጉበት ራሱን መተካት የሚችል አካል ስለሆነ አዲስ ይሠራል። እንደገና ብግነት፣ እንደገና ሞት፣ እንደገና መተካት። በእያንዳንዱ ዙር የተጎዳው ቦታ ላይ ትንሽ ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳው ሲበዛ ጉበቱ ይጠነክራል፣ ደም እንደ ልብ አያሳልፍም፤ ይሄ ሲሮሲስ ይባላል። ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ደግሞ ዲኤንኤው ይገለበጣል፤ በተገለበጠ ቁጥር የመሳሳት ዕድል አለ። ብግነቱ የሚፈጥራቸው ኬሚካሎችም ዲኤንኤውን ይጎዳሉ። ከቫይረሱ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹም የሕዋሱን የዕድገት መቆጣጠሪያ እንደሚያውኩ ጥናቶች ያሳያሉ። ስህተቶቹ ተጠራቅመው አንድ ሕዋስ ፍሬኑን ሲበጥስ ካንሰር ይጀምራል።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሄፓታይተስ ሲ ከተያዙ 100 ሰዎች ውስጥ 30 ያህሉ ሰውነታቸው ራሱ ቫይረሱን ያጠፋዋል፤ 70 ያህሉ ላይ ግን ሥር ይሰዳል። ሥር ከሰደደባቸው ውስጥ ከ15 እስከ 30 በመቶው በ20 ዓመት ውስጥ ሲሮሲስ ይደርስባቸዋል። ሲሮሲስ ካለባቸው ውስጥ ደግሞ በየዓመቱ ከ1 እስከ 4 በመቶ ገደማው የጉበት ካንሰር ይይዛቸዋል። ለአንድ ሰው ስታዩት ዕድሉ ትንሽ ይመስላል። አሁን አንድ ሚሊዮን ሰው ተያዘ እንበል፦ 700,000 ሥር ይሰድባቸዋል፤ ከ105,000 እስከ 210,000 ወደ ሲሮሲስ ይሄዳሉ፤ ከእነሱ ውስጥ በየዓመቱ ከአንድ ሺህ እስከ ስምንት ሺህ ገደማ ካንሰር ይወጣል። በየዓመቱ!

በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙው ሰው ምንም አይሰማውም። ጉበት ታጋሽ አካል ነው፤ ዝም ብሎ ይሸከማል። በእኛ ቋንቋ ይሄ በምክንያትና በውጤት መሃል ሠላሳ ዓመት መዘግየት ያለበት ሥርዓት ነው። እንዲህ ያለው ስህተት ከሁሉ ይከፋል፤ ምክንያቱም ማስጠንቀቂያው ሲደርሳችሁ ስህተቱን ሚሊዮን ጊዜ ደግማችሁታል።

መርፌው እንዴት ተያዘ?

ምርመራው ሲገኝ የጣልያን፣ የስፔንና የጃፓን ሐኪሞች የጉበት ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች ደም ፈተሹ። አብዛኞቹ የሄፓታይተስ ሲ ፀረ እንግዳ አካል ነበራቸው። ማስረጃው ተከማችቶ በ1994 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ሥር የሰደደ የሄፓታይተስ ሲ ኢንፌክሽንን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

ግብፅ ውስጥ የተገኘው ቁጥር ግን ሁሉንም አስደነገጠ። በ2008 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 59 ከሆኑት ውስጥ 14.7 በመቶው ለቫይረሱ ተጋልጠው ነበር። ለምን ግብፅ?

በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት መልሱን አቀረበ። ተመራማሪዎቹ የቢልሃርዝያ መርፌ በየአካባቢውና በየዕድሜው ምን ያህል እንደተሰጠ ከቫይረሱ ስርጭት ጋር አነጻጸሩ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። መርፌው በበዛበት በዴልታ ገጠር ቫይረሱ በዝቷል፣ በካይሮና በአሌክሳንድሪያ ዝቅ ብሏል። የዘመቻውን ጊዜ ያገኘው ትውልድ ከፍ ያለ ቁጥር አለው፤ ከዘመቻው በኋላ የተወለደው ዝቅ ያለ።

ሁለተኛው ማስረጃ የመጣው ከቫይረሱ ከራሱ ነው። ሄፓታይተስ ሲ ራሱን ሲገለብጥ የፊደል ስህተት የሚያርም መሣሪያ የለውም፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። (ክትባት ያልተገኘለትም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው።) ስህተቱ ግን በአማካይ የታወቀ ፍጥነት ስላለው እንደ ሰዓት ያገለግላል። በተለያዩ ሰዎች ላይ ያሉ ቫይረሶችን ልዩነት ቆጥሮ ወረርሽኙ መቼ እንደፈነዳ ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል። በ2003 የታተመ እንዲህ ያለ ስሌት የግብፁ ቫይረስ በፍጥነት የተባዛው ከ1930 እስከ 1955 ባለው ጊዜ ገደማ እንደሆነ አሳየ። መርፌው ተጀምሮ እየሰፋ የመጣበት ዘመን ነው። ዘመቻዎቹ ደግሞ ቀድሞ የተቀጣጠለውን እሳት አባባሱት።

ሁሉም በዚህ መርፌ ተያዘ ማለት ግን አይደለም። አንዴ ቫይረሱ በሕዝቡ ውስጥ ከበዛ በኋላ ያልተመረመረ ደም፣ በደንብ ያልጸዳ የጥርስ ሕክምና መሣሪያ፣ ሌላውም መርፌ ሁሉ ያስተላልፈዋል። በ1980ዎቹ ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ ክኒን የቢልሃርዝያን መርፌ ተካው። ቫይረሱ ግን ያኔ የራሱን መንገድ አግኝቷል። የጉበት ካንሰርም በግብፅ ወንዶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ሆነ።

ሁለተኛው ዘመቻ

ለብዙ ዓመት የነበረው ሕክምና ኢንተርፌሮን የተባለ መርፌ ነው፤ ለወራት ይሰጣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያደክማል፣ ሆኖም ከታከሙት ገሚሱ ገደማ ብቻ ይድኑ ነበር። በ2013 መጨረሻ ሶፎስቡቪር የተባለ ክኒን አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ይህ መድኃኒት ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ የሚጠቀምበትን አንድ ፊደል ይመስላል። ቫይረሱ እውነተኛ መስሎት ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ቀጣዩ ፊደል አይያያዝም፣ መገልበጡ ይቆማል። ከሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት ጋር ለ12 ሳምንት ሲወሰድ ከ95 በመቶ በላይ ሰው ይድናል።

የአሜሪካ ዋጋው ግን 84,000 ዶላር ነበር፤ አንድ ክኒን 1,000 ዶላር ማለት ነው። ግብፅ ተደራድራ በ900 ዶላር ገደማ አገኘችው። ብዙም ሳይቆይ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ማምረት ጀመሩና ዋጋው ከዚያም በብዙ ወረደ።

ከዚያ የሆነው ነገር ደስ ይላል። ከጥቅምት 2018 እስከ ሚያዝያ 2019፣ በሰባት ወር ውስጥ፣ ግብፅ 49.6 ሚሊዮን ሰው መረመረች። ከእነዚህ ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ያህሉ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ፤ በምርመራ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ የተረጋገጠው በነጻ ታከሙ። አንድን ሰው ለይቶ እስኪድን ድረስ ለማከም የወጣው ወጪ 130 ዶላር ገደማ ነበር። በጥቅምት 2023 የዓለም ጤና ድርጅት ግብፅን ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ «የወርቅ ደረጃ» የደረሰች የመጀመሪያዋ አገር ብሎ አወጀ። በመርፌ ሰልፍ የተስፋፋውን በሽታ በምርመራ ሰልፍ ያዙት።

ለእኛ የሚተርፈው

ታሪኩ እዚህ አያልቅም። ቫይረሱ ሲጠፋ የካንሰሩ ዕድል በጣም ይቀንሳል፣ ግን ዜሮ አይሆንም። ጉበቱ ቀድሞ ሲሮሲስ የደረሰበት ሰው ከዳነ በኋላም በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መታየት አለበት፤ ካንሰሩ ቢመጣ ገና ትንሽ ሳለ እንዲያዝ። ስለዚህ ዋናው ነገር ቶሎ ማወቅ ነው። በ2022 በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ሲ ነበረበት፤ በዚያው ዓመት ብቻ 242,000 ሰው በሲሮሲስና በጉበት ካንሰር ሞቷል። ብዙዎቹ ቫይረሱ እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም።

እናንተስ? ሄፓታይተስ ሲ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም ነው። ስለዚህ ከቤተሰባችሁ የታመመ ሰው ካለ ከማዕዱ አታርቁት፤ ምላጩን ግን አትጋሩ። «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚል ሰው በየቤታችን አለ። ክኒን የሚበቃበት ቦታ ላይ መርፌ አትጠይቁ። መርፌ ካስፈለገም አዲስ መሆኑን፣ ከማሸጊያው ሲወጣ በዓይናችሁ እያያችሁ አረጋግጡ፤ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ድሮ ደም ተሰጥቷችሁ ከሆነ፣ ወይም ጥርስ መንቀል፣ እንጥል መቁረጥ፣ ንቅሳት የመሰለ ነገር ባልጸዳ መሣሪያ ከተደረገላችሁ አንድ ቀን ምርመራውን አድርጉ። ለአባትና ለእናታችሁም ንገሯቸው፤ ጉበት ሠላሳ ዓመት ዝም ስለሚል፣ ከእናንተ ይልቅ የእነሱ ጊዜ የቀረበ ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት ነገር ይሄ ነው። ግብፅ መድኃኒቱ ይሠራል ወይ ብላ ለክታለች፤ ይሠራ ነበር። ያልተለካው ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የሚገባው ነገር ነው። ነገ ሐኪም፣ ነርስ ወይም መሐንዲስ ትሆኑ ይሆናል። አንድ ነገር በሚሊዮን ሰው ላይ ከመዘርጋታችሁ በፊት «ይሠራል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ፣ «ሌላስ ምን ያደርጋል? ቢያደርግስ መቼ እናየዋለን?» ብላችሁ ጨምሩ።